የስፖርት ሳይንስ ማስተርስ ከሜትሩ ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ባሉት የጎጃም ከተሞች የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና የታዳጊ ፕሮጀክት አሠልጣኞች ለሁለተኛ ዲግሪ ሲዘጋጁ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የመግቢያ ፈተናው ከባድ ነው ወይ? የትኛው ዘርፍ ይሻላል? ስፖንሰር ባጣስ? ጥያቄዎቹ አግባብ ናቸው። ዳሩ ግን በስፖርት ሳይንስ ማስተርስ ሰው የሚወድቀው በሩ ላይ አይደለም። የሚወድቀው ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ መመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ ነው። ጽሑፉን የሚጥለውም እንግሊዝኛው ወይም የማጣቀሻው ማነስ ሳይሆን ልኬቱ ነው። "ላብራቶሪ ስለሌለን ነው" የሚለውን ምክንያት ብዙም አንቀበለውም። ከስህተቶቹ አብዛኞቹ 50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ ሁለት ስቶፕዋችና አንድ የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰው ሊያስቀራቸው የሚችላቸው ናቸው።

መግቢያውን እናሳጥረው። አመልካቹ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያልፋል፤ የሚገባበት የትምህርት ክፍል የራሱ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊኖረው ይችላል፤ ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሚከፍልለት መሥሪያ ቤት ካለም የስፖንሰር ደብዳቤ ያቀርባል። ብሔራዊው ፈተና ስለ ጡንቻና ስለ ሳንባ አይጠይቅም፤ ቋንቋ፣ ሒሳብና ማገናዘብ ነው። ስለዚህ ከኮሌጅ ከወጣ ወዲህ ሒሳብ ያልነካ መምህር ዝግጅቱን ከመቶኛ፣ ከንጽጽርና ከግራፍ ንባብ ቢጀምር ይጠቀማል። ትምህርቱ እንደተለመደው ሁለት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ኮርስ፣ ሁለተኛው በአብዛኛው ጥናት። ዘርፍ ስትመርጡ የወንበሩን ብዛት ሳይሆን ራሳችሁን እዩ፤ ቁጥር የሚያስጠላው ሰው የአካል እንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት ከሚሰቃይ አሠልጣኝነት ወይም የስፖርት አስተዳደር ቢያጠና ይሻለዋል። አንድ ማሳሰቢያም አለን፤ "ተመርቄ ሆስፒታል ውስጥ የተጎዱ ሰዎችን አክማለሁ" ብሎ የሚመዘገብ አለ። ያ ፊዚዮቴራፒ ነው። የጤና ሙያ ነው፤ የራሱ ትምህርትና የራሱ የሙያ ፈቃድ አለው። የስፖርት ሳይንስ ማስተርስ እሱን አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በየዓመቱ የሚቀርቡትን ርዕሶች ያየ ሰው አንዱን ርዕስ በቃሉ ይይዘዋል፤ "የ12 ሳምንት የኤሮቢክ ልምምድ በእገሌ ከተማ ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች የአካል ብቃት ላይ ያለው ውጤት"። ርዕሱ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ችግሩ መልሱ ሳይለካ መታወቁ ነው። ልጆችን ለ12 ሳምንት ብታሯሩጣቸው ሩጫ እንደሚሻላቸው ማንም ያውቃል። ጥናቱ ዋጋ የሚኖረው በስንት እንደተሻላቸው፣ ከየትኛው ዓይነት ልምምድ እንደተሻላቸውና ለውጡ ከልኬት ስህተት መብለጡን ሲያሳይ ነው። ይኼ የመጨረሻው ነጥብ ነው ሁልጊዜ የሚዘለለው።

የ12 ደቂቃውን የኩፐር ሩጫ እንውሰድ፤ መሣሪያ ስለማይፈልግ በጣም ይዘወተራል። ቀመሩ ቀላል ነው፤ ልጁ የሮጠው ርቀት በሜትር፣ ሲቀነስ 504.9፣ ሲካፈል ለ44.73። የሚገኘው ቁጥር ሰውነት በአንድ ደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በሚሊ ሊትር ነው፤ ባለሙያዎች ቪኦ ቱ ማክስ የምንለው። 2,800 ሜትር የሮጠ ልጅ 51.3 ያመጣል። ሜዳው ግን መም የለውም እንበል። ፈታኙ ልጆቹን በእግር ኳስ ሜዳው መስመር ዙሪያ ያስሮጣቸውና ዙሩን 400 ሜትር ብሎ ይቆጥረዋል። 105 በ68 የሆነ ሜዳ ዙሪያው 346 ሜትር ነው። ሰባት ዙር የሮጠ ልጅ በወረቀቱ 2,800 ሜትር ሲጻፍለት በእግሩ የሄደው 2,422 ነው፤ ትክክለኛው ውጤት 42.9 ነበር። ከስምንት ነጥብ በላይ ልዩነት መሆኑ ነው፤ ብዙ የሥልጠና ጥናቶች በሙሉ ዘመናቸው የማያገኙትን ለውጥ የመስመር ስህተት በአንድ ጠዋት ሰጠው። ይባስ ብሎ ልጆች ማዕዘኑን ይቆርጣሉ፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ኮን ካልተተከለና ሰው ካልቆመ ዙሩ ከዚያም ያጥራል።

አንዳንዱ "በፊትም በኋላም ያው ሜዳ ስለሆነ ስህተቱ ይጣፋል" ይላል። ሜዳው በእርግጥ ያው ከሆነ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም። ቅድመ ልኬቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ድህረ ልኬቱ ስታዲየሙ ሲፈቀድ በስታዲየሙ ይሆናል፤ የሜዳው ልዩነት "የሥልጠናው ውጤት" ተብሎ ይመረቅበታል። ሜትሩ ተዘርግቶ፣ ኮኑ በየ20 ሜትር ተተክሎ፣ ልጁ ፊሽካው ሲነፋ የቆመበት ቦታ እስከ ቅርቡ 10 ሜትር ተመዝግቦ ካልሆነ የሩጫ ልኬት ነው ብለን አንጠራውም። በሙሉ ዙር ብቻ የሚቆጥር ሰው በአንድ ልጅ እስከ አንድ ዙር ሊሳሳት ይችላል።

ልጁ በድምፅ ምልክት እየተመራ የሚመላለስበት የ20 ሜትር ምልልሱ ሩጫም የራሱ ወጥመድ አለው። በስልክ የሚጫነው ድምፅ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየደቂቃው 0.5 ይጨምራል፤ ሌላው በ8 ይጀምርና ወደ 9 ዘልሎ ከዚያ በ0.5 ይቀጥላል። ተማሪው በቅድመ ልኬቱ አንዱን፣ ከሦስት ወር በኋላ ስልክ ቀይሮ ሌላውን ያጫውታል። መለያው ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ጊዜ በስቶፕዋች ያዙ። 8.5 ከሆነ 8.47 ሰከንድ፣ 8 ከሆነ ድፍን 9 ሰከንድ ነው። ፋይሉን በፍላሽ አስቀምጡ፤ የትኛው እንደሆነም ጽሑፉ ላይ ጻፉ። እርጥብ ሣር ላይ ደግሞ አትሞክሩት። ልጁ የሚያቆመው ሳንባው ስለደከመ ሳይሆን ሲዞር እግሩ ስለሚንሸራተት ይሆናል።

የደረጃ መውጣቱ ፈተና ለሴቶች ቡድንና ለቢሮ ሠራተኞች ጥናት ምቹ ነው። ከመደበኞቹ አንዱ 41.3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን፣ ሦስት ደቂቃ፣ ለወንድ በደቂቃ 24 ለሴት 22 መውጣት ይፈልጋል፤ አንዱ መውጣት አራት እርምጃ ስለሆነ ሜትሮኖሙ (ምት ጠባቂው መሣሪያ) ለወንድ 96፣ ለሴት 88 ላይ ይሞላል፤ ከስልክም በነፃ ይገኛል። ሲያበቃ ተፈታኙ ይቆማል፤ ከአምስተኛው እስከ ሃያኛው ሰከንድ የልብ ምቱ ይቆጠርና በአራት ይባዛል። ለወንድ ቀመሩ 111.33 ሲቀነስ 0.42 ጊዜ የልብ ምት፣ ለሴት 65.81 ሲቀነስ 0.1847 ጊዜ የልብ ምት ነው። በ15 ሰከንድ 38 የተቆጠረለት ወንድ ምቱ 152፣ ውጤቱ 47.5 ይሆናል። አንድ ምት ብቻ ተጨምሮ 39 ቢባል 45.8 ይወርዳል። በጣት የምትቆጠር አንድ ምት ይህን ያህል ታንቀሳቅሳለች፤ ስለዚህ ሁለት ሰው በሁለት እጅ ይቁጠር፣ ወይም የደረት ቀበቶ ያለው መለኪያ ተውሳችሁ ተጠቀሙ። ከሁሉ የከፋው ግን ሳጥን ማሠራት ታክቶ በስታዲየም መቀመጫ ወይም በትምህርት ቤት ደረጃ ላይ መፈተን ነው። ከፍታው 41.3 ካልሆነ ቀመሩ አይሠራም፤ በቃ። አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

ስለ ከፍታ ካነሳን ደግሞ የመሬቱ ከፍታ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ። እነዚህ ቀመሮችና "በጣም ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ" የሚሉት የውጭ ሠንጠረዦች የተሠሩት በዝቅተኛ ቦታ በሚኖሩ፣ በአብዛኛው በአሜሪካውያን ላይ ነው። ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ቀመር የተገኘው ከአሜሪካ አየር ኃይል ወንዶች ነው። የደብረ ማርቆስን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚያ ሠንጠረዥ "መካከለኛ" ብሎ መፈረጅ ትርጉም የለውም። የባሕር ዳርን ቡድን ከደብረ ማርቆስ ቡድን በሩጫ ርቀት አወዳድሮ "የባሕር ዳሮቹ ብቃት ይበልጣል" ማለትም እንዲሁ፤ በመካከላቸው 600 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ርቀቱን ራሱን በሜትር ዘግቡ፤ የልብ ምቱን ራሱን ዘግቡ፤ ቪኦ ቱ ማክሱን ከፈለጋችሁ ግምት መሆኑን ተናግራችሁ በጎን አስቀምጡት። የፈተናውን ቦታ ከፍታ፣ የሙቀት መጠኑንና ሰዓቱንም ጻፉ።

የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ያለበት ቤተ ሙከራ የመግባት ዕድል ያገኘ ተማሪም ከዚህ ችግር አያመልጥም፤ እንዲያውም ስህተቱ ይገዝፋል። የተተነፈሰው አየር መጠን ወደ መደበኛ ሁኔታ የሚቀየረው ከሙቀትና ከእርጥበት ማስተካከያው ጋር በአካባቢው የአየር ግፊት ተባዝቶ ለ760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተካፍሎ ነው። መሣሪያው ግፊቱን ራሱ የማይለካ ከሆነና ተማሪው የተሞላበትን 760 ሳይነካ ካለፈ፣ በደብረ ማርቆስ ከፍታ ትክክለኛው ወደ 570 ግድም ስለሆነ፣ ውጤቱ በአንድ ሦስተኛ ያብጣል። የልጁ እውነተኛ ቁጥር 45 ቢሆን ስክሪኑ 60 ያሳያል። "የጎጃም ልጆች የዓለም ሻምፒዮን ሳንባ አላቸው" የሚል ጽሑፍ እንዲህ ነው የሚወለደው። ሁለት ተጨማሪ ጉድጓዶች አሉ። አንደኛ፣ በስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ላይ የሚታየው ግፊት ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለ ነው፤ 1,015 ሄክቶ ፓስካል (ሌላው የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ያሳያችኋል፤ እሱን አትጠቀሙ። ሁለተኛ፣ የደብረ ማርቆስ እውነተኛ ግፊት በሄክቶ ፓስካል ሲነበብ በአጋጣሚ 760 አካባቢ ነው። ያንን ያየ ተማሪ "አሃ፣ 760 ትክክል ነው ማለት ነው" ብሎ የሜርኩሪው ቦታ ላይ ይተወዋል። መለኪያ አሃዱን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከእያንዳንዱ ተፈታኝ በፊት የጋዙን መለኪያ ድርሻው በታወቀ ጋዝ፣ የአየሩን ፍሰት በ3 ሊትር ሲሪንጅ ማስተካከልም ግዴታ ነው፤ ጠዋት አንዴ አስተካክሎ ማታ ድረስ መሥራት አይቻልም።

የቆዳ ስር ስብ በካሊፐር (ቆዳን ቆንጥጦ በሚለካው መሣሪያ) መለካት ላይ ብዙ አንቆይም። በቀኝ በኩል፣ ከጣቶች 1 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ካሊፐሩ ከነከሰ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ይነበባል፤ ሁለቴ ይለካል፤ የአንድ ቡድን ልጆች ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይለካሉ። ወደ መቶኛ የሚቀይሩት ቀመሮች ከሌላ አገር ሰዎች የተወሰዱ ስለሆኑ የሚሊ ሜትሮቹን ድምር ማቅረብ ይበልጥ ታማኝ ነው። መንከሻው ግፊቱን በየካሬ ሚሊ ሜትሩ 10 ግራም ላይ መጠበቅ አለበት፤ ርካሹ ፕላስቲክ ካሊፐር ይህን ስለማይጠብቅ ዛሬና ነገ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል።

አሁን ማንም ፕሮፖዛል ላይ የማይጽፈውን የቀን መቁጠሪያ እናንሳ። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው። በጎጃም ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ይጾማሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ቶሎ ሲገባ የካቲት 1፣ ሲዘገይ መጋቢት 5 ይጀምራል። ሥልጠናውን ጥር መጨረሻ ላይ የጀመረ ተማሪ የሚለካው "የኤሮቢክ ልምምድን ውጤት" ሳይሆን በአብዛኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ፣ ወተትና ሥጋ ሳይቀምሱ የተደረገ ልምምድን ውጤት ነው። ያ መጥፎ ጥናት አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙዎቹ የተሻለ ጥያቄ ነው። መጥፎ የሚሆነው ስለ ጾሙ አንድ ቃል ሳይነገር ሲቀር ነው።

ክፍት ጊዜ ፈልጉ ካላችሁን ቆጥረን እንንገራችሁ። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ እንደ ዓመቱ ከአራት ሳምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሳምንት ተኩል ይለያያል፤ ነነዌ ሦስት ቀን ከመካከሉ ትወስዳለች። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ሰባት ሳምንት ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾምበት ለልኬት ከሁሉ የጠራው ጊዜ እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሰኔ ጾምና ክረምቱ ተያይዘው ይመጣሉ። ረጅሙ ክፍተት ከፍልሰታ ፍቺ እስከ ነቢያት ጾም መግቢያ፣ ኅዳር 15 ድረስ ያለው 13 ሳምንት ያህል ነው፤ ግን የመጀመሪያው ክፍል በዝናብና በትምህርት ቤት ምዝገባ ያልቃል፣ የጽጌን ጾም የሚጾሙም አሉ። ስለዚህ 12 ሳምንት የሚለውን ልማድ ተዉት። በሳምንት ሦስት ቀን ለስድስት ሳምንት በጥንቃቄ የተመራ የፍጥነት ምልልስ ልምምድ፣ ከፊቱና ከኋላው አንድ አንድ የልኬት ሳምንት ኖሮት፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይገባል። ይህን ለማድረግ ፕሮፖዛሉ ሰኔ ላይ ማለፍ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድም ነሐሴ ላይ በእጅ መሆን አለበት። ጥቅምት ላይ ፕሮፖዛል የሚያስገባ ሰው ጾሙ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። በሙስሊም ልጆች ላይ የሚሠራ ደግሞ የረመዳንን ቀን አስቀድሞ ያስላ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ቅድመ ልኬቱ ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ድህረ ልኬቱ ዓርብ ከሰዓት በባዶ ሆድ ከሆነ ልዩነቱ የሥልጠናው አይደለም። ሁለቱም ልኬት በአንድ የሳምንት ቀንና በአንድ ሰዓት ይሁን፤ ልጁ ከመሮጡ በፊት መቼ እንደበላና ምን ያህል እንደተኛ ተጠይቆ ይጻፍ።

"የቁጥጥር ቡድኑም ስለሚጾም ችግር የለውም" የሚል መከራከሪያ እንሰማለን። ሁለቱ ቡድኖች ከአንድ ትምህርት ቤት በዕጣ ከተከፈሉ ልክ ነው። ግን ብዙዎች አንዱን ትምህርት ቤት የሙከራ፣ ሌላውን የቁጥጥር ያደርጉታል። ያን ጊዜ የተወዳደሩት ልምምዶቹ ሳይሆኑ ትምህርት ቤቶቹ ናቸው፤ ምግቡ፣ መንገዱ፣ አሠልጣኙ ሁሉ ይለያያል። የቁጥጥር ቡድን ማለትም ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ቡድን አይደለም። የተለመደውን ልምምድ ለዚያው ያህል ደቂቃ ይሥራ፤ አለዚያ የምታረጋግጡት መሮጥ ከመቀመጥ እንደሚሻል ነው።

የልጆቹ ቁጥርም ያው የተለመደ ቁስል ነው። አንድ ፕሮጀክት 24 ልጅ አለው እንበል፤ ለሁለት ሲከፈል 12 በ12። በዚህ ቁጥር በ80 በመቶ ዕድል ሊታይ የሚችለው ልዩነት የቡድኑን መበታተን (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይሉታል) 1.2 እጥፍ የሚያህል ግዙፍ ልዩነት ብቻ ነው። መካከለኛ የሚባለውን፣ ግማሽ እጥፍ የሚያህለውን ለማየት በየቡድኑ 64 ልጅ ያስፈልጋል፤ ትልቅ የሚባለውን፣ 0.8 እጥፉን ለማየት እንኳ 26። ከየት ይመጣሉ? መውጫው ግን አለ። ቅድመ ልኬቱን በስሌቱ ውስጥ አብሮ የሚያስገባ ትንተና (አንኮቫ ይሉታል) ብትጠቀሙና በፊትና በኋላ ያሉት ልኬቶች 0.8 ያህል ቢዛመዱ፣ የሚያስፈልገው 64 ወደ 23 ወይም 24 ይወርዳል። ዝምድናው 0.8 የሚደርሰው ደግሞ ልኬቱ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። በሜትርና በስቶፕዋች ላይ የደከመ ሰው በልጅ ቁጥር ይካሳል ማለት ነው።

ልኬታችሁ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ለማወቅ ሥልጠናው ሳይጀመር በአንድ ሳምንት ውስጥ ልጆቹን ሁለት ጊዜ ፈትኑ። የእያንዳንዱን ልጅ የሁለቱን ቀን ልዩነት አውጡ፤ የልዩነቶቹን መበታተን (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) ለ1.41 አካፍሉ። 110 ሜትር ቢወጣ የልኬት ስህተታችሁ 78 ሜትር ነው። ከሥልጠና በኋላ አንድ ልጅ 60 ሜትር ቢጨምር "ተሻሻለ" ለማለት እንደማትችሉ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ልጁን ፈተናውን ማስተማሪያም ይሆናል፤ ሳይለማመድ የሮጠ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሲሮጥ አያያዙን ስላወቀ ብቻ ይሻለዋል። ይህ ሁሉ አንድ ሳምንት ነው የሚወስደው፤ ለምን እንደሚዘለል አይገባንም።

ስታቲስቲክሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር እንለፈው። በሙከራ ቡድኑ ውስጥ በፊትና በኋላ "ጉልህ ልዩነት ታየ"፣ በቁጥጥሩ ውስጥ "አልታየም" ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርሳቸው መነጻጸር አለባቸው። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ የፒ ዋጋውን 0.000 ብሎ ቢያወጣም ዕድሉ ዜሮ ነው ማለት ስላልሆነ ከ0.001 በታች ተብሎ ይጻፍ።

ደኅንነቱ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ፊርማ፣ ከዚያም የልጁ የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አሠልጣኙ "ሁላችሁም ትገባላችሁ" ካለ ፈቃድ አይባልም። እስከ መጨረሻው አቅም በሚያስሮጥ ፈተና ፊት ደግሞ የጤና ጥያቄ ወረቀት ብቻ በቂ አይደለም። በአገራችን ወጣቶች ላይ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ በሽታ በብዛት አለ፤ ብዙዎቹ እንዳለባቸው አያውቁም። በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ባለሙያ መጥቶ የልጆቹን ልብ በማዳመጫ ቢሰማ፣ የደም ግፊታቸውን ቢለካ፣ ሲሮጡ የደረት ሕመም ወይም ራስ መሳት ያጋጠማቸውን ለይቶ ቢያስቀር ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። በፈተናው ቀን ስልኩ የሚሠራ፣ መኪና ያለው፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሜዳው ላይ ይኑር። ይህን በፕሮፖዛሉ ላይ በስም ሳይሆን በኃላፊነት አስቀምጡት።

ታዲያ ምን ይጠና? ጎጃም ራሱ መልስ አለው። በስፖርት ሳይንስ ታዋቂ የሆነው እ.ኤ.አ. የ1997 ጥናት ሯጮች 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ ሲለማመዱ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ከ2,400 ሜትር በላይ ወደ 1,100 ግድም ይወርዳል፤ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል። ሌላው ዓለም በድንኳንና በጋዝ የሚፈጥረውን እኛ በአውቶቡስ እናገኘዋለን። ግን ተጠንቀቁ፤ በረሃው ሞቃት ነው። እዚያ የሮጠ ልጅ የልብ ምቱ ሲጨምር ከሙቀቱ ይሁን ከሌላ መለየት ስለማይቻል ፈተናው ጎህ ሳይቀድ፣ በሁለቱም ቦታ ሙቀቱ ተመዝግቦ መሆን አለበት። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢናቸውና የደማቸው ኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቷቸዋል። የጮቄ ገበሬ ልጅ ሲሮጥስ? በጣት የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ፣ ሳጥንና ሜትሮኖም ይዞ የሚጀመር ጥናት ነው።

ተራራ መውጣት የማይፈልግም ሥራ አያጣም። የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና 30 ሜትር ኮሪደር ብቻ ይፈልጋል፤ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ላይ ከሐኪም ጋር ሊሠራ ይችላል። 43 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ወንበር በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ መነሣት ይቻላል የሚለው ፈተና ለአረጋውያን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቆመው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ የሰባ ዓመት እናቶችን እግር ማንም ገና በወጉ አልለካልንም ብለን እንጠረጥራለን። ሁሉም ተማሪ ወደ ታዳጊ እግር ኳስ የሚሮጠው ልጆቹ ቅርብ ስለሆኑ ነው እንጂ ጥያቄው እዚያ ስላለ አይደለም።

በመጨረሻ ለሚመለከታቸው ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የትምህርት ክፍሎች መመረቂያ ጽሑፉ ሲገባ ጥሬው የልኬት መዝገብ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ከስሙ ተለይቶ፣ ከፍታው፣ ሙቀቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ እንዲገባ ያድርጉ፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዜሮ እንዳይጀምር። የዞንና የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ለጥናት ሜዳ የሚፈቅዱበትን ደብዳቤ መስከረም ላይ ሳይሆን ሰኔ ላይ ቢሰጡ፣ ቅድመ ልኬቱና ድህረ ልኬቱም በዚያው ሜዳ እንዲሆን ቀኖቹን አስቀድመው ቢይዙ ትልቅ እገዛ ነው። ለደብዳቤው የሚያስፈልገው ዝርዝር አጭር ነው፤ ሜዳው፣ ሁለቱ የልኬት ሳምንታት፣ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ሰዓት፣ እና የመስመሩን ርዝመት ከተማሪው ጋር ሆኖ በሜትር የሚለካ አንድ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ።

ከአክብሮት ጋር፤
ሁለት የስፖርት ሳይንስ መምህራን
ደብረ ማርቆስ